ቃሉ የት እንደሚደርስ መናገር፦ በካቶሊክ ኮሌጅ የተማርኩት ሶሻል ወርክና የእንጦጦ ማርያም የመስክ ልምምድ

መግቢያ

የሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት በአንድ የካቶሊክ ኮሌጅ ነው። ያደግኩት ግን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት፣ በየካ ክፍለ ከተማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባለው ሰፈር፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። የመስክ ልምምዴን ያደረግኩትም ከሰፈሬ ሽቅብ፣ በእንጦጦ ማርያም የጸበል ቦታ ዙሪያ ቤት ተከራይተው በሚኖሩ ሕሙማን መካከል ነበር። የካቶሊኩ ኮሌጅ፣ የኦርቶዶክሱ ደብርና ዓለማዊ ነው የሚባለው ሙያ በአንድ ሰው ትምህርት ውስጥ መገናኘታቸው በወቅቱ ብዙም አላስደነቀኝም። የማስተርስ ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ ግን የክፍል ጓደኞቼ ደጋግመው የሚያነሡብኝ ጥያቄ መለስ ብዬ እንዳስብ አስገደደኝ፦ የሃይማኖት ተቋም ያሠለጠነው ባለሙያ ባለጉዳዩን ሳይፈርድበት ሊሰማው ይችላልን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ገለልተኛነት ከተቋሙ በር ላይ በተሰቀለው ምልክት የሚለካ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በሌላ አቅጣጫ ነው። ባለሙያው በማን ቤት ሠለጠነ ከሚለው ይልቅ፣ ከባለጉዳዩ የሚሰማው ቃል የት እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገርን ተምሯል ወይ የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ የጥርጣሬውን ታሪክ፣ ቀጥሎ በኮሌጁ የተማርነውን ትምህርትና ቃላቱ በአማርኛ የገጠማቸውን ዕጣ፣ በመጨረሻም በእንጦጦ ማርያም የገጠመኝን አንድ ጉዳይ አቀርባለሁ። የባለጉዳይዋን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ትቻለሁ።

አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ጥርጣሬ

እናቴ የኮሌጁን ማንነት ስትሰማ አልከለከለችኝም። «ትምህርቱን ተማሪ፤ ማዕተብሽን ግን እንዳትበጥሺ» አለችኝ እንጂ። ይህ አነጋገር የእርስዋ ብቻ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው፣ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 አገሩ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ማወጃቸው፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላትን ከአገር ማስወጣታቸው በታሪክ መጻሕፍት ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በእናቶች ምክር ውስጥም አለ። እናቴ የሱስንዮስን ዘመን ቀን ቆጥራ አትናገርም፤ ነገር ግን ፍርሃቷ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ የሚያስደንቀው፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ የዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርታችን መሠረት በተጣለበት ወቅት የዚያው ማኅበር አባላት ተመልሰው መጋበዛቸው ነው። ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ ከካናዳ ኢየሱሳውያንን አስመጡ። ሁኔታው ግን ጥብቅ ነበር፦ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ፣ የክህነት ልብሳቸውንም እንዳይለብሱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም የመሩት ከእነዚሁ መካከል የሆኑት ሉሲየን ማት ነበሩ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተውም በዚሁ ኮሌጅ ሥር እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ኮሌጁ የመንግሥት እንጂ የካቶሊክ አልነበረም፤ ነገር ግን ሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተሰጠበት ቤት ያለ ቀሚስ በሚሄዱ ካህናት ይመራ ነበር።

ይህን ሳነብ ትኩረቴን የሳበው የእንግድነቱ ሥርዓት ነው። ካህናቱ በእምነታቸው ጸኑ፤ ንጉሡም ያውቁ ነበር፤ ተማሪዎቹም ያውቁ ነበር። የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ የተወሰነ ነገር ግን ነበር። ማን እንደሆንክ እየታወቀ፣ በሌላው ቤት ውስጥ የማታደርገው ነገር አስቀድሞ ተነግሮህ መሥራት ማለት ነው። በኋላ የሶሻል ወርክ ሥነ ምግባርን ስማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም።

ትምህርት ቤቱ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ተዘጋ፤ የተረፈው ወደ ሶሺዮሎጂ ተጠቃለለ። ሙያው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን ችሎ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቺካጎው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የማስተርስ መርሐ ግብር ሲጀምር ነው። የሠላሳ ዓመቱ ክፍተት ያመጣው ጉዳት በቁጥር ብቻ የሚታይ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእርዳታ ድርጅቱ ሥራው ሲሠራ ኖሯል፤ የሥራው ቋንቋ ግን በአማርኛ ሳይዳብር ቀረ።

ከቺካጎ የመጡ ሰባት መርሖዎች

የኮሌጃችን ሕይወት ከውጭ እንደሚታሰበው አልነበረም። በክፍላችን ኦርቶዶክሶች፣ ሙስሊሞች፣ ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች ነበርን። ቅዳሴ ግቡ ብሎ ያስገደደን ሰው አልነበረም። በካፍቴሪያው ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይቀርባል። በመተላለፊያው ላይ የማርያም ሐውልት ቆሟል፤ የተሳለመው ይሳለማል፤ ያልተሳለመው ያልፋል። ሆኖም ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያኒቱ አስተሳሰብ ነፃ ነበር ብል ትክክል አይሆንም። የካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት የሚባለውን ኮርስ ሁላችንም ወስደናል። ስለ ሠራተኞች መብት እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣውን የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛን መልእክት፣ ቀጥሎም በ1931 የፒዮስ 11ኛን መልእክት አንብበናል። በሁለተኛው ውስጥ ያለው ሐሳብ፣ ማለትም ለሰው ቅርብ የሆነው ትንሽ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ከበላይ ያለው ትልቅ አካል እንዳይነጥቀው የሚለው፣ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። መምህራችን ገና ሳያብራሩት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ይህማ እድር ነው» አለ፤ የቀረው ክፍለ ጊዜም በእድር ላይ በመወያየት አለቀ።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ግን የፊሊክስ ቢስቴክ መጽሐፍ ነው። ቢስቴክ በቺካጎ የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ መምህርና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957፣ ማለትም የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በባለሙያውና በባለጉዳዩ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ግንኙነት መጽሐፍ አሳተሙ። በውስጡ ሰባት መርሖዎች ይገኛሉ፦ እያንዳንዱን ሰው በራሱ ልክ ማየት፣ ስሜቱን በዓላማ እንዲገልጽ መፍቀድ፣ የባለሙያው ስሜት የተገራ ተሳትፎ፣ ሰውን እንዳለ መቀበል፣ አለመፍረድ፣ ባለጉዳዩ በራሱ ጉዳይ ራሱ እንዲወስን ማድረግና ምሥጢር መጠበቅ። እነዚህ መርሖዎች ሃይማኖት በሌላቸው ተቋማት ጭምር እስከ ዛሬ ይሰጣሉ። የጻፏቸው ሰው ካህን መሆናቸውን ብዙ ተማሪ አያውቅም።

ጥያቄ ለሚያነሡብኝ ጓደኞቼ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው፦ እናንተ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁት አለመፍረድና እኔ በካቶሊክ ኮሌጅ የተማርኩት አለመፍረድ ምንጫቸው አንድ ነው። ይህ ግን ክርክሩን አይዘጋውም። ቢስቴክ ራሳቸው የባለጉዳዩ የመወሰን መብት ወሰን እንዳለው ጽፈዋል፦ ለመወሰን ባለው ችሎታ፣ በአገር ሕግ፣ በሞራል ሕግና አገልግሎቱን በሚሰጠው ተቋም ተግባር ይወሰናል። በክፍል ውስጥ ብዙ የተከራከርነው በሦስተኛው ላይ ነበር። የማን ሞራል? አንዲት ሙስሊም ጓደኛችን የማይረሳኝን ነገር ተናገረች፦ «ካህኑ ይህን ወሰን በግልጽ ጽፈውታል፤ እኛ ግን ሁላችንም ወሰናችንን ደብቀን ይዘናል»። ስለ ምሥጢር መጠበቅ ስንነጋገርም አማና የሚለውን ቃል አምጥታ፣ አደራ ሲሰጥህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ መሸከም ትችል እንደሆነ ነው አለች። እኔ በዚያን ጊዜ በሞራል ሕጉ ላይ ስከራከር አራተኛውን ወሰን፣ የተቋሙን ተግባር፣ በችኮላ አለፍኩት። በእንጦጦ የጠበቀኝ እርሱ ነበር።

ቃላቱ በአማርኛ

ወደ መስክ ከመውጣታችን በፊት የመስክ ተቆጣጣሪያችን የነበሩት ሲስተር ሰባቱን መርሖዎች በአማርኛ ለእናታችን እንደምናስረዳ አድርገን እንድንጽፍ አዘዙን። ቀላል የመሰለን ሥራ ሁለት ሳምንት ወሰደ።

ባለጉዳዩ በራሱ ጉዳይ እንዲወስን የሚለውን አብዛኞቻችን «የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት» ብለን ጻፍነው። ስናነበው ክፍሉ ሳቀ። ሐረጉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተይዟል። አንዲት እናት «የራስዎን ዕድል በራስዎ ይወስናሉ» ብትባል ስለ ክኒን ሳይሆን ስለ ክልል የተጠየቀች ይመስላታል። ለግለሰብ የሚሆን የተለመደ ቃል አለመኖሩ አሳሰበን፤ አማርኛው ለሕዝብ የሚወሰንበትን ቃል ሲያበጅ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ወደ ኋላ ትቶታል። በመጨረሻ የተስማማንበት «እርስዎ እንዳሉ» የሚል የተለመደ አነጋገር ነበር። ሲስተር ሳቁና «ይህ ትርጉም ሳይሆን መርሖው ራሱ ነው» አሉ።

ምሥጢር መጠበቅ ደግሞ በተቃራኒው ከመጠን በላይ ቃል ነበረው። ለኦርቶዶክስ እናት ምሥጢር የሚሰማ ሰው የነፍስ አባት ነው፤ የነፍስ አባት የሰማውን ለማንም አይናገርም። እኛ ግን የምንሰማውን በመዝገብ እንጽፋለን፣ ከተቆጣጣሪ ጋር እንወያይበታለን፣ ለድርጅት ሪፖርት እናደርጋለን። «ምሥጢርዎን እጠብቃለሁ» ስንል እናትየዋ የምትሰማው የነፍስ አባትን ቃል ነው፤ እኛ የምንሰጠው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሲስተር በሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው እንድንገለብጠው አደረጉ፦ «ከመጠየቅሽ በፊት መልሱ የት እንደሚሄድ ንገሪ»።

ባለጉዳይ የሚለው ቃልም ቢሮ ቢሮ ይሸታል፤ ደንበኛ ሱቅ ይሸታል፤ ተገልጋይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚነበብ ነው። በመስክ ማንም በእነዚህ ቃላት አልተጠራም። እትዬ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ ወንድሜ ነበር የምንለው። ይህ ደግሞ የተገራ ስሜት የሚለውን መርሖ ይፈትነዋል። እትዬ ብለህ የጠራሃትን ሴት ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ፋይል ዘግተህ መርሳት አይቻልም። የዝምድና ቃል ግዴታ ይዞ ይመጣል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን የአገራችን ሶሻል ወርክ ሊጀምርበት የሚገባው ቦታ ይመስለኛል።

እንጦጦ ማርያም

እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ደብር ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ ቆላው ወርዶ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ተራራው ለባሕር ዛፍ፣ ለካህናት፣ ለማገዶ ለቃሚ ሴቶችና ለሕሙማን ቀረ። ከጎህ በፊት ከተራራው ጭራሮና ቅጠል አስረው፣ ጎብጠው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ የሚወርዱ ሴቶችን እያየሁ ነው ያደግኩት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የእንጦጦ ፓርክን ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎችም በዚያው መንገድ ይወጣሉ።

ጸበሉ በተለይ የታወቀው ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በገደለበት፣ መድኃኒት ባልነበረበት ወይም ከድሀው አቅም በላይ በነበረበት ዘመን ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን በደብሩ ዙሪያ ትንንሽ ክፍሎች ተከራይተው ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት ተቀመጡ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ፦ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ወይስ አይደለም? ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ አምናለሁ። ነገር ግን ከመንበረ ፓትርያርኩ የወጣ ቃል ስድስት ሴቶች ተደራርበው ወደሚያድሩበት የኪራይ ክፍል እስኪደርስ ብዙ በር ያልፋል።

የመስክ ልምምዴን የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ሥራችን ለሕሙማን ወርሃዊ ምግብ ከሚያድል አንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር የተያያዘ ነበር። ድርጅቱ ዱቄት፣ ዘይትና ባቄላ ይሰጣል፤ ለማግኘት ግን ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንደሚወስድ በየወሩ በሚሞላ ቅጽ መረጋገጥ አለበት። የሕጉ ምክንያት መጥፎ አልነበረም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ መልሶ ይበዛል፤ እየተቆራረጠ ሲወሰድም ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚላመድበት ዕድል ይሰፋል። ምግቡ ሰውን በመድኃኒቱ ላይ ለማጽናት የታሰበ ነበር። ቅጹን ከቤት ቤት እየዞርን የምንሞላው ግን እኛ ተለማማጆች ነበርን።

ቅጹ

ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ከገጠር ለጸበል መጥተው እዚያው የቀሩ እናት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ጠዋት ይጠመቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ አቅማቸው ሲፈቅድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው ይሸጣሉ። ቅጹ አምስት ዓምዶች ነበሩት፤ አራተኛው «ባለፈው ወር መድኃኒት ያልተወሰደበት ቀን ብዛት» ይላል፤ አምስተኛው ምክንያቱን ከሦስት አማራጮች እንድንመርጥ ይጠይቃል፦ መርሳት፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ሃይማኖታዊ ምክንያት። ከእኔ በፊት የነበሩት ተለማማጆች በእርሳቸው ስም ትይዩ ብዙ ጊዜ ያስቀመጡት ምልክት በሦስተኛው ላይ ነበር።

ሲስተር ባዘዙን መሠረት ከመጠየቄ በፊት ቅጹን ዓምድ በዓምድ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው የት ይሄዳል፣ አራተኛውን ማን ያየዋል፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ምን ይሆናል፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ ቁጥሩን አትጠይቂኝ ልጄ። ምክንያቱን ግን ላንቺ ልንገርሽ» አሉኝ።

ምክንያቱ ሃይማኖት አልነበረም። ክኒኑን የሚወስዱት ማታ ሲተኙ ነው። በክፍሉ ውስጥ አምስት ሌሎች ሴቶች ያድራሉ። የክኒኑ ጠርሙስ ሲነሣ ይንሿሿል። በጨለማ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለጨጓራ ሕመም ነው የመጣሁት ብለው ለባለ ቤቷ ስለነገሩ፣ ሴቶቹ ነቅተው ባሉበት ሌሊት ሳይወስዱ ያድራሉ። የነፍስ አባታቸው «መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር ውሰጂ» ብለዋቸው ነበር፤ በዚያ በኩል ጭንቀት አልነበረባቸውም። ለቀደሙት ጠያቂዎች «ሱባኤ ይዤ ነው» ያሉት ሌላ ጥያቄ እንዳይከተል ነው። ሱባኤ የተከበረ መልስ ነው፤ ማንም ከዚያ አልፎ አይጠይቅም።

ይህን ያወቅኩት ጎበዝ ጠያቂ ስለሆንኩ አይደለም። ያወቅኩት ቃላቸው የት እንደሚቆም ስላወቁ ነው። በዚያው ሳምንት በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጠየቅኩ፤ በጠርሙሱ አፍ ደረቅ ጥጥ ቢደረግ መድኃኒቱን እንደማይጎዳው ነገረችኝ። ጥጡን ይዤላቸው ወጣሁ። ጠርሙሱን ነቅነቅ አደረጉትና ሳቁ።

በቅጹ አራተኛ ዓምድ ላይ «መመለስ አልፈለጉም» ብዬ ጻፍኩ። አምስተኛውን ባዶ ተውኩት። የድርጅቱ ሠራተኛ ቅጹን ያልተሟላ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰው። በሚቀጥለው ወር የእትዬ ስም ከዝርዝሩ ወጣ። ጥጥ የተደረገበት ጠርሙስ ያላቸው፣ መድኃኒታቸውን በየሌሊቱ መውሰድ የጀመሩት ሴት ምግብ የተቋረጠባቸው ልክ መድኃኒቱን መውሰድ በጀመሩበት ወር ነበር። እርሳቸው ግን ቁጥሩን እንድጽፍ አሁንም አልፈቀዱልኝም። «አንድ ጊዜ ከጻፍሽው ለዘላለም እዚያ ነው» አሉ። ሲስተር ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ስም ሳይጠሩ፣ በጋራ ክፍል ውስጥ የክኒን ጠርሙስ ድምፅ ለመድኃኒት መቋረጥ ምክንያት እንደሚሆን በእትዬ ፈቃድ አስረዱ፤ መመለስ አለመፈለግ ማቋረጥ ተብሎ እንዳይቆጠርም ጠየቁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስሙ ተመለሰ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት እትዬ በየቀኑ ወደ ባሕር ዛፉ ወጥተዋል። ከአንድ ክፍል የሚያድሩት ሴቶች ከየድርሻቸው አንድ አንድ ጣሳ ዱቄት አዋጥተው ሰጥተዋቸዋል፤ ለምን ከዝርዝር እንደወጡ ሳይጠይቁ።

አራተኛው ወሰን

ይህን ጉዳይ በማስተርስ ሴሚናር ሳቀርብ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንደኛው፣ ቁጥሩ ተጽፎ ቢሆን እትዬ ስድስት ሳምንት አይቸገሩም ነበር የሚል ነው። ይህ ግን እውነት አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ ከዝርዝር የሚያስወጣ ነበር። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ ትንሽ ቁጥር ጽፈሽ ብታልፊ ምግቡም አይቋረጥ፣ ምሥጢሩም አይወጣ። ብዙ የመስክ ሠራተኛ የሚያደርገው ይህን ነው፤ በርኅራኄም ያደርገዋል። ነገር ግን በርኅራኄ የተጻፈ ሐሰተኛ ቁጥር ሕጉን እንዳለ ያቆየዋል። ድርጅቱ ቅጹ እንደሚሠራ ያምናል፤ ሃይማኖታዊ ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር የተከማቸው ምልክትም የእንጦጦ ሕሙማን በጸበል ምክንያት መድኃኒት ያቋርጣሉ የሚል መደምደሚያ ይወልዳል። ይህ መደምደሚያ ወደ ጥናትም ይገባል። እኛ ተመራማሪዎች የምናነበው መረጃ ከእንዲህ ያለ ዓምድ የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል።

የቢስቴክን አራት ወሰኖች አሁን ሳነብ በክፍል ያሟገተን ሦስተኛው፣ የሞራል ሕግ፣ በእንጦጦ ላይ ያን ያህል አልከበደም። የካቶሊኩ ኮሌጅ፣ የኦርቶዶክሱ የነፍስ አባትና የጤና ጣቢያው ነርስ በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፦ መድኃኒቱ ይወሰድ፣ ሰውየዋም ትከበር። የእትዬን ውሳኔ ያጠበበው አራተኛው ወሰን ነው፤ ከጥያቄው ጋር የታሰረው ዱቄት። ራስን የመወሰን መብት እንጀራ በእጁ በያዘ ተቋም ፊት ሲቆም ምን ይቀረዋል? የገለልተኛነትን ጥያቄ ወደ ሃይማኖት ተቋማት ብቻ የሚያቀርብ ሰው ይህን ሊያየው አይችልም፤ ቅጹ ምንም ዓይነት መስቀል አልነበረበትምና።

ይህን ስል የሃይማኖት ተቋማትን ከጥያቄ ነፃ ማውጣቴ አይደለም። እርዳታን ከስብከት ጋር የሚያስር ተቋም ሲገኝ ያው መመዘኛ ይሠራበታል፤ በዱቄቱ ምትክ ጸሎቱ ይገባል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። መለያው፣ የሚሰጠው ነገር ከሚጠየቀው ቃል ጋር መታሰሩና ተቀባዩ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ወይም አለማወቁ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ልምድ ሁለት ሐሳቦችን ለአንባብያን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሶሻል ወርክ መርሖዎች በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ ከሕገ መንግሥትና ከቢሮ ቋንቋ ወጥተው፣ እናቶች በሚናገሩት ቃል ሊሠሩ ይገባል። ይህ የትርጉም ክፍል ሥራ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ውሳኔ ቃል በሌለበት ቦታ መብቱን ማስተማር ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ተለማማጆች ወደ መስክ ሲወጡ ቅጽ መሙላትን ከመማራቸው በፊት ቅጽ ማንበብን ይማሩ፤ ዓምዱን ጮክ ብለው ለባለጉዳዩ ማንበብን፣ እያንዳንዱ መልስ ማን ጋ እንደሚደርስ መናገርን፣ ያልተመለሰን ጥያቄም ያልተመለሰ ብሎ መጻፍን።

ይህ ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ይሠራል። ሁላችንም የስምምነት ቅጽ እናስፈርማለን። ብዙ ጊዜ በፍጥነት እናነበዋለን፤ ተጠያቂውም ትምህርት እንዳያስተጓጉል በማሰብ ይፈርማል። ለማስተርስ ጥናቴ ያዘጋጀሁት የስምምነት ቅጽ መጀመሪያ ሁለት ገጽ ነበር። አሁን አንድ ገጽ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍል የሚናገረውም ስለ ጥናቱ ዓላማ ሳይሆን መልሱ ማን ጋ እንደሚደርስ፣ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥና መልስ ባለመስጠት ምንም እንደማይጎድል ነው። እስካሁን ካነጋገርኳቸው ሰዎች መካከል ቅጹን ሰምተው ከጥያቄዎቹ አንዱን ወይም ሁለቱን እንድዘል የጠየቁኝ አሉ። የዘለልኳቸውን ጥያቄዎች በመዝገቤ ውስጥ ባዶ አድርጌ ይዣቸዋለሁ፤ በጥናቴ ውስጥም እንደ መረጃ ጉድለት ሳይሆን እንደ መረጃ እቆጥራቸዋለሁ።